ግራፊክስ ካርድ ላይ የውሃ ኩለር ስትገጥሙ ሜሞሪውን እንዳትጠብሱት

ካርዳችሁ ጌም በተከፈተ ቁጥር እንደ ፀጉር ማድረቂያ እየጮኸ፣ ሙቀቱ ደግሞ 80 ዲግሪ ላይ ተሰቅሎ አልወርድም ካለ የውሃ ኩለር ነገር ሳይታሰባችሁ አይቀርም። ሲፒዩ ላይ ገጥማችሁ የምታውቁ ሰዎች "ያው አንድ ነው" ትሉ ይሆናል፣ አንድ አይደለም። ሲፒዩ ላይ የምትጨነቁት ለአንድ ቺፕ ነው፣ እሱም ላዩ ላይ የብረት ክዳን አለው። ግራፊክስ ካርድ ግን ሙሉ ቦርድ ነው፤ መሃል ላይ ዋናው ቺፕ ራቁቱን ተቀምጧል፣ ዙሪያውን የሜሞሪ ቺፖች ከበውታል፣ ጎን ላይ ደግሞ ከፓወር ሳፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ 1 ቮልት አካባቢ አውርዶ ለቺፑ የሚያቀብለው ቪአርኤም የሚባለው ክፍል አለ። ከፋብሪካ የመጣው ኩለር እነዚህን ሁሉ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ እናንተ የምትገጥሙት ግን ብዙ ጊዜ መሃሉን ብቻ ነው የሚነካው። ስለዚህ "ቺፔ 50 ዲግሪ ሆነልኝ" ብሎ ስክሪንሾት የሚለጥፍ ሰው ሁሉ ካርዱ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ እዛው አጠገቡ ሜሞሪው እየተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ቺፑን ማቀዝቀዝማ ቀላሉ ስራ ነው፣ እኔ ብዙ የማወራው ስለሌሎቹ ነው።

ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ካርዱ ሁለት ሶስት አመት የሰራ ከሆነ አቧራና የደረቀ ፔስት (ቺፑና ኩለሩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ብቻቸውን ብዙ ዲግሪ ይጨምራሉ፣ አፅድታችሁ ፔስት ቀይራችሁ ከተስተካከለ ብራችሁም ድካማችሁም ተረፈ። ዋራንቲ ካለው ደግሞ ብዙ ካርዶች ላይ ከአራቱ ዋና ብሎኖች የአንዱ ጭንቅላት ላይ ትንሽዬ ስቲከር አለች፣ እሷ ከተነካች ዋራንቲውን የሚሰርዝ አምራች አለ፣ ኩለር መፍታትን የሚፈቅድም አለ፣ የእናንተን አይታችሁ ግቡበት።

የቱን አይነት?

ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው ለሲፒዩ የተሰራ ታሽጎ የሚመጣ የውሃ ኩለር (ከስሩ መዳብ ያለውና ቺፑ ላይ የሚያርፍ ፓምፕ፣ ውሃውን በፋን የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር፣ መሃላቸው ቱቦ) ወስዶ በላሜራ ብራኬት ካርዱ ላይ ማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኤንዚኤክስቲ ክራከን ጂ12 በዚህ የታወቀ ነው፣ 92 ሚሊሜትር ፋን አብሮት አለ፣ የሚይዘው ግን አሴቴክ የሚሰራቸውን ክብ ፓምፖች ስለሆነ ኩለራችሁ አራት ማዕዘን ከሆነ አትድከሙ። ሁለተኛው ለግራፊክስ ካርድ ተብሎ የተሰራ፣ እንደ አልፋኩል አይስቮልፍ 2 ያለ፣ ሜሞሪውንም ቪአርኤሙንም በአንድ ሳህን የሚሸፍን ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ከተሰራለት የካርድ ዲዛይን ውጪም አይገጥምም፣ ግን ራስ ምታቱ ያንሳል። ሶስተኛው ሙሉ ብሎክ (ካርዱን የሚሸፍን፣ ውሃ ውስጡ የሚያልፍ የብረት ሳህን) ገዝቶ ፓምፑን፣ ታንከሩን፣ ቱቦውን ለየብቻ መገጣጠም ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ አለም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም፤ የምትገቡ ካላችሁ ብቻ አልሙኒየም ራዲያተርና የመዳብ ብሎክ በአንድ ውሃ አታገናኙ፣ ይበላላሉ፣ እና ኮምፒውተሩን ሳታበሩ ፓምፑን ብቻ ለብዙ ሰአት አሽከርክራችሁ የሚንጠባጠብ ካለ እዩ።

ከዚህ በታች ያለው የመጀመሪያውን፣ ማለትም የብራኬቱን መንገድ ይዞ የሚሄድ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሞክረውም ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እሱ ስለሆነ።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ቺፑ ዙሪያ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ያላቸው ርቀት ነው ወሳኙ፣ ብዙ የቆዩ ካርዶች ላይ 53 ወይም 58 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ትልልቅ አዳዲስ ቺፖች ላይ ግን ይሰፋል፣ ስለዚህ "ሁሉ ላይ ይገጥማል" የሚለውን ካርቶን አትመኑት። ሌላው ቺፑ አጠገብ ያሉት ካፓሲተሮችና ኮይሎች ቁመት ነው፤ ከቺፑ ከፍ ብለው የፓምፑ ጠርዝ እነሱ ላይ ካረፈ መዳቡ ቺፑን አይነካውም። አንዳንድ ቺፕ ዙሪያውን የብረት ፍሬም አለው፣ ፍሬሙ ከቺፑ ከፍ ካለ መሃል ላይ ስስ የመዳብ ቁራጭ ያስፈልጋል። የራዲያተር መጠን ላይ የኔ አስተያየት፣ 200 ዋት አካባቢ ለሚበላ ካርድ 120 ሚሊሜትር ይበቃል፣ 300 እና ከዛ በላይ ለሚበላው ከ240 አትውረዱ፣ አርቲኤክስ 3090 ለምሳሌ 350 ዋት ነው፣ እሱ ላይ 120 መግጠም በብርጭቆ ውሃ እሳት ማጥፋት ነው።

መፍታት

ከመፍታታችሁ በፊት የአሁኑን ሙቀት መዝግቡ። ሃርድዌር ኢንፎ (HWiNFO) ወይም ጂፒዩ-ዚ (GPU-Z) የሚባሉትን ሙቀት የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ከፍታችሁ ሰላሳ ደቂቃ ከባድ ጌም አጫውቱትና የቺፑን፣ የሆት ስፖቱን (የቺፑ በጣም የሞቀው ነጥብ)፣ ካሳየ ደግሞ የሜሞሪውን ሙቀት ፃፉ፣ የክፍሉንም ሙቀት ፃፉ፣ ያለሱ በኋላ የምታወዳድሩት ነገር የላችሁም። ይህን ማድረጉ ሌላ ጥቅም አለው፣ ካርዱ ስለሚሞቅ የደረቀው ፔስት ይለሰልስና ኩለሩ በቀላሉ ይላቀቃል።

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዛ የኬዙን ያልተቀባ ብረት ነክታችሁ የሰውነታችሁን ስታቲክ አራግፉ። ካርዱን አውጥታችሁ ለስላሳ ነገር ላይ ፊቱን ወደታች አስተኙት። ጥሩ ካቻቪቴ ያዙ፣ ጫፉ ካልገጠመ የነዛ ትንንሽ ብሎኖች ጭንቅላት ወዲያው ነው የሚላጨው። ብሎኖቹን ስትፈቱ ወረቀት ላይ የካርዱን ቅርፅ ስላችሁ የወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፏቸው፣ ርዝመታቸው ይለያያል፣ "አስታውሰዋለሁ" ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ትርፍ ብሎን ይዞ ነው የሚቀረው።

መሃል ያሉትን አራቱን ሞላ ያለባቸውን ብሎኖች አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ በሰያፍ ትንሽ ትንሽ አላሉ። ኩለሩ ከቦርዱ ሲላቀቅ ደግሞ አትጎትቱት፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ምክንያቱም የፋኑና የመብራቱ ቀጭን ኬብሎች እስካሁን ቦርዱ ላይ ናቸው። ሶኬቱን በጥፍር ወይም በወረንጦ ከፕላስቲኩ ይዛችሁ ንቀሉ እንጂ ሽቦውን አትሳቡት።

አንዳንድ ካርድ ላይ ትልቁ ኩለር ሲነሳ ሜሞሪውንና ቪአርኤሙን የሚሸፍን ስስ ሳህን ለብቻው ቦርዱ ላይ ይቀራል፣ በተለይ በአንድ ፋን ሙቅ አየር ከኋላ የሚተፉት ካርዶች ላይ። ይሄ ሳህን ለፓምፑ ቦታ እስከሰጠ ድረስ እንዳትነኩት! በኋላ ሜሞሪውና ቪአርኤሙ ላይ ከሚለጠፉት ትንንሽ የአልሙኒየም ማቀዝቀዣ ብረቶች ሁሉ እሱ ይሻላል።

የድሮው ፔስት በወፍራም ወረቀትና ከ90 ፐርሰንት በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይፀዳል። ቺፑ መስታወት እስኪመስል ጥረጉት፣ ዙሪያው ያሉት ጥቃቅን ካፓሲተሮች መሃል ለገባው ደግሞ የጆሮ ጥጥ ይበቃል፣ በስለት ግን በፍፁም አትፋቁ። የድሮዎቹን ፓዶች (ሜሞሪውና ቪአርኤሙ ላይ ያሉትን ለስላሳ ሙቀት አስተላላፊ ንጣፎች) ሳትቀዱ አንሱና አስቀምጡ፣ አንድ ቀን የድሮውን ኩለር ልመልስ ካላችሁ ውፍረታቸው ያስፈልጋችኋል፣ ስትለኩ ግን ተጨፍልቀው ስለቆዩ ከእውነተኛ ውፍረታቸው ቀንሰው እንደሚያሳዩ አትርሱ።

ዋናው ነገር፣ ሜሞሪና ቪአርኤም

የኔን የመጀመሪያ ሙከራ ልንገራችሁ። ፓምፑን አሰርኩ፣ ራዲያተሩን ሰቀልኩ፣ ትንንሾቹን አልሙኒየሞች አብሯቸው በመጣው ባለ ማጣበቂያ ፓድ ሜሞሪው ላይ ለጠፍኩ፣ ቪአርኤሙ ላይም ለጠፍኩ፣ ቺፑ ከ79 ወደ 52 ወረደ፣ እኔም ደስታ አይሉት ምን። ሃያ ደቂቃ ጌም ተጫውቼ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ብከፍተው ከቪአርኤሙ ላይ አንዱ አልሙኒየም ወድቆ ታች ያለው የሳውንድ ካርድ ላይ ተኝቷል፣ ሾርት አለማድረጉ የእግዜር ስራ ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የሞስፌቶቹን (የቪአርኤሙን ጠፍጣፋ ጥቁር ቺፖች) ፊት በአልኮል አልጠረግኩትም፣ ከድሮው ፓድ የቀረ ዘይት ነበረበት፣ ማጣበቂያው ሲሞቅ ዘይቱ ላይ ተንሸራተተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ስትሰሩበት ፊቱ ወደላይ ነው፣ ተራ ኬዝ ውስጥ ሲገባ ግን ፊቱ ወደታች ይዞራል። ማለትም የለጠፋችኋቸው ብረቶች በሙሉ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ነው የሚኖሩት፣ በዛ ላይ ማጣበቂያውን በየቀኑ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ታሰቃዩታላችሁ። ስለዚህ አንደኛ እያንዳንዱን ቺፕ በአልኮል ጥረጉ፣ በጣት አትንኩት፣ ሁለተኛ ብረቱን ለጥፋችሁ ለሰላሳ ሰከንድ ያህል ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት (ግን ቦርዱ እስኪጎብጥ አይደለም)፣ ሶስተኛ ለጥፋችሁ ወዲያው አትግጠሙ፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይደር። ከዛ ካርዱን ዘቅዝቃችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፣ የሚወድቅ ካለ አሁን ይውደቅ። እኔ አሁን ለቪአርኤም ያንን ማጣበቂያ ትቼ የቴርማል ሙጫ ነው የምጠቀመው፣ እሱ ደግሞ መመለሻ የለውም፣ አንዴ ከያዘ ስትነቅሉት ቺፑም አብሮ ሊነሳ ይችላል፣ ካርዱን ለመሸጥ ካሰባችሁ አትንኩት።

ሰፋ ያለ አልሙኒየም ስትለጥፉ ጠርዙ አጠገብ ያለ የካፓሲተር ጫፍ እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቪአርኤሙ ጋ ካሬ ጥቁር ወይም ግራጫ ሳጥን የሚመስሉት ኮይሎች ናቸው፣ እነሱ ሙቀት ይችላሉ፣ ማቀዝቀዝ ያለባችሁ አጠገባቸው የተደረደሩትን ጠፍጣፋ ጥቁር ሞስፌቶች ነው። ሰው በስህተት ከፍ ብለው ስለሚታዩ ኮይሎቹ ላይ ለጥፎ ሞስፌቶቹን ባዶ ይተዋቸዋል፣ አይቻለሁ።

የሜሞሪው አይነትም ለውጥ ያመጣል። ጂዲዲአር 5 ያላቸው የቆዩ ካርዶች ትንሽ ብረትና የፋን ንፋስ ካገኙ ይበቃቸዋል። ጂዲዲአር 6ኤክስ ግን እሳት ነው፣ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይባስ ብሎ 3090 ላይ ከ24ቱ የሜሞሪ ቺፖች 12ቱ ከቦርዱ ጀርባ ናቸው፣ የፊቱን ብታቀዘቅዙም የጀርባው ሙቀቱን ለጀርባ ሳህኑ ካልሰጠ ዋጋ የለውም። እንደዚህ አይነት ካርድ ላይ የብራኬቱን መንገድ ተዉት፣ ሙሉውን የሚሸፍን ብሎክ ግዙ፣ ከጀርባው ሳህን ስር ያሉትንም ፓዶች አስተካክሉ። በተቃራኒው የኤኤምዲ ቪጋ 56 እና 64 ካርዶች ላይ ሜሞሪው ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ስለተቀመጠ የፓምፑ መዳብ ሁሉንም ከሸፈነና ፔስቱ ሁሉም ላይ ከተቀባ የሚቀራችሁ ቪአርኤሙ ብቻ ነው።

ፓድ የሚጠቀም ሳህን ያለው ኪት ከሆነ የገዛችሁት፣ ውፍረቱን ከማንዋሉ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አታዛንፉ። የወፈረ ፓድ ሳህኑን ከፍ አድርጎ ዋናውን ቺፕ ከመዳቡ ይለየዋል፣ የሳሳ ከሆነ ደግሞ ሜሞሪው አየር ላይ ይቀራል። ፓዱ ሁለቱም ፊቱ ላይ ፕላስቲክ ስላለው ሁለቱንም ላጡ።

ፓምፑን ማሰር

ከመዳቡ ላይ ያለችውን ፕላስቲክ አንሱ። አዎ፣ ታውቃላችሁ፣ ግን አንሱ። ኩለሩ አስቀድሞ የተቀባ ፔስት ካለው እሱ ለሲፒዩ መጠን የተቀባ ስለሆነ ጥረጉትና አዲስ ቀቡ። ሲፒዩ ላይ መሃል ላይ ጠብ አድርጋችሁ መጫን ይበቃችሁ ይሆናል፣ እዚህ ግን ቺፑ ራቁቱን ስለሆነ ማዕዘኑ ላይ ፔስት ያልደረሰው ቦታ ካለ እዛው ቦታ ላይ ብቻ ይነዳል፣ ስለዚህ ፔስቱን በስስ የፕላስቲክ ቁራጭ እየገፋችሁ የቺፑን ሙሉ ፊት ሸፍኑት። በፔስት ፋንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) የምታስቡ ካላችሁ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አልሙኒየም ደግሞ ይበላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰራ ሰው አልመክርም።

ፓምፑን ስታስቀምጡ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ በአንድ ጎን ዘንበል ብሎ ካረፈ የቺፑ ማዕዘን ይሰበራል፣ ሲሊከን እንደ ሸክላ ነው። ከጀርባ ፕላስቲክ ሮንዴላዎቹን አትርሱ፣ ብረቱ ቦርዱን በቀጥታ እንዳይነካ የተቀመጡ ናቸው። አራቱን ዳዶዎች በጣት አስይዙ፣ ከዛ በሰያፍ አንድ አንድ ሩብ ዙር እያላችሁ አጥብቁ፣ ሲጠነክር አቁሙ። "ትንሽ ልጨምር" የምትለዋ ሩብ ዙር ናት ቦርድ የምታጎብጠው። ካርዱን ከጎን አይታችሁ ቦርዱ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። የቱቦዎቹ አቅጣጫም አሁን ነው የሚወሰነው፣ የኬዙ መስታወት ጋ እንዳይጋጩ ወይም ቱቦው እንዳይታጠፍ አስቀድማችሁ ኬዙ ውስጥ ያለ ፔስት ሞክሩት።

ፋኑና ኬብሎቹ

ይህቺን ነጥብ በደንብ አንብቧት። ብራኬቱ ላይ ያለው ፋን ስራው ሜሞሪውንና ቪአርኤሙን ማናፈስ ነው። እሱን በአዳፕተር ካርዱ ላይ ያለው የፋን ሶኬት ላይ ብትሰኩት፣ ካርዱ ፋን የሚያዘው ብዙ ጊዜ የዋናውን ቺፕ ሙቀት አይቶ ነው፣ ቺፑ ደግሞ አሁን ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ካርዱ "ምንም ሙቀት የለም" ብሎ ፋኑን ያቆመዋል፣ ቪአርኤሙ በዝምታ ይቃጠላል። ወይ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታችሁ ቋሚ ፍጥነት ስጡት፣ 60 ፐርሰንት አካባቢ ለጆሮም ለካርዱም ጥሩ ነው፣ ወይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ዝቅተኛውን ፍጥነት ከዜሮ አንሱት። ፓምፑንማ ካርዱ ላይ በፍፁም አትሰኩት፣ ፋኑ ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። ፓምፑ ማዘርቦርድ ላይ ሆኖ ቢዮስ ውስጥ ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ይሁን።

ራዲያተሩ የት?

የታሸገ ኩለር ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፓምፑ ከሁሉም ከፍታ ላይ መሆን የለበትም። ካርድ ኬዙ ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ እዚህ ከሲፒዩ ይልቅ እድለኛ ናችሁ፣ ራዲያተሩን ላይ ብትሰቅሉት ጨርሳችኋል። ፊት ለፊት ከሆነ ቱቦው ከደረሰ የቱቦዎቹን መውጫ ወደታች አድርጉት፣ ካልደረሰ ወደላይም ቢሆን የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በላይ እስከሆነ ድረስ ይሰራል፣ የሚንቦጨቦጭ ድምፅ ሊኖር ይችላል እንጂ። ኬዙ ወለል ላይ ግን አታስቀምጡት። ሲፒዩውም በውሃ ከሆነ ትልቁን ራዲያተር ለግራፊክስ ካርዱ ስጡ፣ ጌም ላይ ብዙውን ዋት የሚበላው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስታበሩ

ኬዙን ሳትዘጉ አብሩና ጣታችሁን ፓምፑ ላይ አሳርፉ፣ ትንሽ ንዝረት ይሰማችኋል። ምንም ሳትከፍቱ ሙቀቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 80 እና 90 ከደረሰ ወዲያው አጥፉ፣ ወይ ፓምፑ አልተነሳም ወይ ያቺ ፕላስቲክ አለች። ስክሪን ካልመጣ የፓወር ኬብሎቹ ሙሉ በሙሉ መግባታቸውን፣ ካርዱ ስሎቱ ውስጥ መቀመጡን እዩ።

ከዛ ያንኑ ጌም ሰላሳ ደቂቃ አጫውቱ። አምስት ደቂቃ ሞክራችሁ አትደሰቱ፣ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥር ውሸታም ነው። ቺፑ 50 እና 60 መሃል ከቆየ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የሆት ስፖቱን እዩ፣ ከቺፑ በ10 ወይም 15 ዲግሪ ቢበልጥ ጤነኛ ነው፣ ልዩነቱ ከ25 ካለፈ ፓምፑ ዘንበል ብሏል ወይም ፔስቱ አልሸፈነም፣ ፈታችሁ እንደገና እሰሩ። ሜሞሪው ሙቀቱን የማያሳይ ካርድ ከሆነ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከቦርዱ ጀርባ በቪአርኤሙ ትክክል ለኩ፣ ከሌላችሁ ምልክቱን ተከታተሉ፦ ቺፑ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ ቀለም መበተን፣ ብልጭ ድርግም ማለት ወይም ከሆነ ደቂቃ በኋላ መጥፋት ካለ የሚጮኸው ሜሞሪው ወይም ቪአርኤሙ ነው።

ቺፑ ስለቀዘቀዘ ካርዱ በራሱ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ፓወር ሊሚቱን (ካርዱ እንዲበላ የተፈቀደለትን ዋት) እስከ ጥግ ይገፋዋል። ተጨማሪው ዋት ግን በሙሉ በቪአርኤሙ ነው የሚያልፈው፣ የለጠፋችኋቸው ብረቶች ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይወድቁ ይክረሙ፣ ከዛ ከፈለጋችሁ ትነካኩታላችሁ። በሳምንቱ ደግሞ ኬዙን ከፍታችሁ በባትሪ ከስር አብሩና ብረቶቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ የድሮውን ኩለር ከነብሎኖቹ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት።